የሻንቶው ማስታወሻ፦ ቅርፊት ፍለጋ

ረቡዕ

ጓንዡን የማያውቅ የመርካቶ ነጋዴ የለም። ማታ ከቦሌ ትነሳለህ፣ በማግስቱ እዚያ ነህ። ሺያውቤይ ሰፈር ከወረድክ ደግሞ አማርኛ እየሰማህ፣ እንጀራ እየበላህ፣ ዕቃህን አስጭነህ ትመለሳለህ። እኔም አራት ጊዜ ተመላልሼ "ቻይናን አየሁ" እል ነበር። ያየሁት ግን ሁለት የገበያ ሕንጻና አንድ የካርጎ ቢሮ ነው።

ዘንድሮ ወንድሜ አላስቀመጠኝም። እዚያው ተምሮ እዚያው ሥራ የያዘ ልጅ ነው። "እትዬ፣ የምትፈልጊው የልጆች መጫወቻ ከሆነ ጓንዡ ምን ያደርግልሻል? ፋብሪካው ያለው ቼንግሃይ ነው" አለኝ። ቼንግሃይ የሻንቶው ከተማ አንድ ወረዳ ናት። አጋጣሚ ሆኖ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው የሻንቶው ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ቅዳሜ ማታ እራት ጋብዘውናል። ከዚህ በኋላ ምን ምክንያት አለኝ?

በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ትኬት የሚባል ወረቀት የለም፤ ፓስፖርትህን አሳይተህ ትገባለህ። ረቡዕ ስለሆነ እኔ ሙዝና ኦቾሎኒ ይዣለሁ። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ የዶሮ እግሩን ይግጣል። "የውጭ አገር ኑሮ ነው" ይለኛል፣ ሳልጠይቀው።

"የቅዳሜው እራት ምንድነው?" አልኩት።

"የባሕር ምግብ።"

"ዓሣ ነው?"

"ዓሣም አለ።"

ያቺ "ም" አሳሰበችኝ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት በእኛ ቤት አይበላም። እናታችን ያሳደገችን እንደዚያ ነው። ሃይማኖቱን ብተወው እንኳ ሸርጣን ሳይ የሚታየኝ ሸረሪት ነው፤ ውኃ የለመደ ትልቅ ሸረሪት።

ሻንቶው ስንደርስ ግን አንድ ደስታ ገጠመኝ። ወንድሜ በማንዳሪን ቻይንኛው ሲኩራራ የከረመ ሰው ነው። የታክሲው ሹፌር በስልክ ከሰው ጋር ያወራል፣ ወንድሜ ጆሮውን አቁሞ ይሰማል። "ምን ይላል?" አልኩት። ምንም አልገባውም። እዚህ የሚነገረው ቲዮቹ ነው። በማንዳሪን የተማረ ቀርቶ የጓንዡ ተወላጅ እንኳ አይሰማውም። ከፉጂያን ክፍለ ሀገር ሰዎች ቋንቋ ጋር ነው የሚዛመደው። አምስት ዓመት የተማረ ልጅ ከእኔ እኩል ደንቆሮ ሆኖ ተቀመጠ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ሐሙስ

ቼንግሃይ። መጫወቻ፣ መጫወቻ፣ መጫወቻ። ሦስት ማሳያ አዳራሽ ዞርን። በባትሪ የሚሮጥ መኪና፣ የሚያለቅስ አሻንጉሊት፣ የሚያለቅስበትን ድምፅ መቀነሻ የሌለው አሻንጉሊት። የካርቶን ዋጋ ተከራከርኩ፣ ናሙና ያዝኩ፣ እግሬ አበጠ። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ተፎካካሪዎቼም ያነባሉ።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ወደ አሮጌው ሻንቶው ወሰደኝ። ከተማዋ በ1860 ለውጭ ንግድ የተከፈተች ወደብ ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ድንኳን መሰል ቤት አለች፤ መንገዶቹ ከእሷ ተነስተው እንደ ጨረር ይበተናሉ። ሕንጻዎቹ ከታች በረንዳ፣ ከላይ መስኮት ናቸው። ዝናብ ቢመጣ በረንዳ ለበረንዳ ሄደህ ሳትረጥብ ትደርሳለህ። ፒያሳ ትዝ አለችኝ። የድሮዋ ፒያሳ ማለቴ ነው።

እዚያው አካባቢ የደብዳቤ ሙዚየም አለ። የደብዳቤ ሙዚየም ምን ያሳያል ብዬ ለመግባት አቅማምቼ ነበር። ቆይቶ መውጣት አቃተኝ። ከዚህ አገር ወደ ሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ)፣ ወደ ሲንጋፖር፣ ወደ ማላያ የተሰደዱ ሰዎች ለቤተሰብ ገንዘብ ሲልኩ ከገንዘቡ ጋር ደብዳቤ ያያይዛሉ። ችያውፒ ይባላል። ዩኔስኮ በ2013 የዓለም ማኅደረ ትውስታ ብሎ መዝግቦታል። ፖስታው ላይ የገንዘቡ መጠን ተጽፏል። ገንዘቡ የደረሰው ቤተሰብ ደግሞ "ደርሶናል" የሚል መልስ ይልካል። የጓደኛችን አያት አባትም ሲያም ነበሩ አሉ። ቤይሩትና ጂዳ እህት ያለው ኢትዮጵያዊ ይህን ፖስታ ለማንበብ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። "ለአባባ መድኃኒት፣ ለትንሿ የትምህርት ቤት" ነው የሚለው፤ ሌላ ምን ሊል ነው?

ዓርብ

ወደ ቻውዡ ሄድን። ቲዮቹ የሚለው ስም የመጣው ከዚህች ከተማ ነው፤ አንዱ ስም በሁለት አነጋገር ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚመጣው ድልድዩን ለማየት ነው። ሥራው የተጀመረው በ1171 ነው። ከሁለቱም ዳር በድንጋይ ተሠርቶ ይመጣና መሐል ላይ ይቋረጣል። ክፍተቱን የሚሞሉት ጎን ለጎን የታሰሩ 18 ጀልባዎች ናቸው። በጀልባዎቹ ላይ ትሻገራለህ፤ ወደ ማታ ተፈትተው ወንዙ ይከፈታል። ስሄድ እግሬ ሥር ሲወዛወዝ የወንድሜን ክንድ ጨበጥኩ።

ወንዙ ሃን ይባላል፣ በሃን ዩ ስም። ሰውየው ትልቅ ባለሥልጣንና ጸሐፊ ነበር፤ ንጉሡን በሃይማኖት ጉዳይ ተቸና በ819 ወደዚህ ተጋዘ። ያን ጊዜ ወንዙ አዞ ሞልቶበት ነበር። ሃን ዩ ምን አደረገ? ለአዞዎቹ ደብዳቤ ጻፈ። አንድ በግና አንድ አሳማ ወንዙ ውስጥ ጣለላቸውና "በሰባት ቀን ውስጥ ወደ ባሕር ውጡ፣ አለዚያ አስፈጃችኋለሁ" አላቸው። የኖረው ስምንት ወር ገደማ ብቻ ነው፤ ወንዙም ጋራውም በስሙ ተጠራ። እኛ አገር አርባ ዓመት አገልግሎ አንድ ቀለበት መንገድ የማይሰየምለት አለ።

ጾም ስለነበር ምሳዬ ሙዌ ሆነ። ሩዝ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ፍሬው ሳይፈርስ የሚቀርብ ነው። ከጎኑ ጨው የገባበት ጎመን፣ ኦቾሎኒ፣ ቶፉ። አጥሚት ነው ብዬ ናቅሁት፣ ሦስት ሳህን ጠጣሁ።

አመሻሹ ላይ አንድ የሻይ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ "ይህ ጥሩው ነው" ብሎ ያቀረበልን ሻይ ስሙ ሲተረጎም "የዳክዬ ኩስ መዓዛ" ማለት ነው። ወንድሜን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ገበሬው ሌሎች ችግኙን እንዳይሰርቁት ብሎ ያወጣለት ስም ነው ይባላል። ሽታው አበባ አበባ ነው። ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ቲዮቹዎች ሻይን "ቴ" ነው የሚሉት። እንግሊዞች "ቲ" የሚሉት በመርከብ ከሄደው ከዚህ ዓይነት አነጋገር ነው። የእኛ "ሻይ" ደግሞ ሌላው ቻይና "ቻ" የሚለው፣ በየብስ ዞሮ የመጣው ነው።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ቀለል ያለ ነገር በልቼ ዋልኩ። ወንድሜ "ሆድሽን ባዶ አድርጊ" ብሎኛል። እሱ ባዶ ያደረገው ከዓርብ ጀምሮ ነው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ምግብ ቤቱ አሮጌ ነው፣ ጌጥ የለውም። ሜኑም የለውም። በሩን እንዳለፍክ ሜኑው መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ በረዶ ላይ የተደረደረ ዓሣ፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ፣ እግሩ በገመድ የታሰረ ሸርጣን፣ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ዛጎል። የጓደኛችን አባት እጅጌያቸውን ሰብስበው ከፊት ይሄዳሉ። አንዲት ልጅ እስክሪብቶ ይዛ ትከተላቸዋለች። የዓሣውን ስንጥብ ገልጠው ቅላቱን ያያሉ፣ ዓይኑን ያያሉ፣ ሆዱን በአውራ ጣት ይጫናሉ። ከዚያ "ይህን በእንፋሎት፣ ያንን በጨው" ይላሉ። ሥጋ ቤት ገብቶ "ከእሱ አይደለም፣ ከዚያኛው ሽንጥ ቁረጥልኝ" የሚለው የአዲስ አበባ አባወራ ቁርጥ እሳቸው ናቸው።

ፎቅ ላይ ለብቻ ክፍል ተይዞልናል። ክብ ጠረጴዛ፣ መሐሉ ላይ የሚሽከረከር መስታወት፣ ዙሪያውን 11 ሰው። አያትየዋ በሩን ፊት ለፊት አይተው ተቀምጠዋል። ሁሉም "አማ" ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። ለእኔ ጆሮ ግን "እማ" ነው የሚለው። እኔም አማ አልኳቸው፤ ማንም አልሳቀም።

መጀመሪያ ሻይ። ትንሽ ማፍያ፣ ከእንቁላል ግማሽ የማይበልጡ ሦስት ስኒዎች። ሰዉ 11፣ ስኒው ሦስት! ዕቃ ያነሳቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ሥርዓቱ ነው። የመጀመሪያው ውኃ ስኒ ይታጠብበትና ይደፋል። ከዚያ ማፍያው ሳይነሳ በሦስቱ ስኒዎች ላይ እየዞረ ይቀዳል፣ የመጨረሻዋ ጠብታ ሳትቀር እኩል ትከፋፈላለች። አንዱ ይጠጣል፣ ስኒው በፈላ ውኃ ይታጠባል፣ ለሌላው ይቀዳል። "አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ" ሲባባሉ ጊዜው ይሄዳል። እንግዳ ስለሆንን የመጀመሪያው ዙር ከእኛ አላለፈም። በአቦል እንግዳን የሚያስቀድም ቤት ያደገ ሰው አይደናገረውም። ሻዩ ግን መራር ነው፤ ስኳር ብጠይቅ የሚያባርሩኝ መሰለኝ።

ከዚያ ጠረጴዛው መሙላት ጀመረ። መጀመሪያ የመጡት ማጥቀሻዎቹ ናቸው። ዘጠኝ ቆጠርኩ። እያንዳንዱ ምግብ የራሱ አለው። ለዝይው ነጭ ሽንኩርት የገባበት ኮምጣጤ፣ በዱቄትና በእንቁላል ለተጠበሰው ኦይስተር (የዛጎል ሥጋ ነው) ከዓሣ የተጠመቀ ጨዋማ ውኃ፣ ለሽሪምፑ ከብርቱካን ዘመድ የሚሠራ ጣፋጭ ነገር። ወንድሜ ዝይውን በሽሪምፑ ማጥቀሻ ሲነክር አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እጁን ያዘው። ልጁ የቀለደ እንዳይመስላችሁ፤ ደንግጦ ነው። ሽሮ ላይ ማር ሲፈስ ያየ ሰው ነው የሚመስለው።

ሸርጣኑ መጣ። አንዱ በእንፋሎት በስሎ የቀዘቀዘ ነው፤ ሆዱ በብርቱካንማ እንቁላል ተሞልቷል። ሌላው ጥሬውን ነው። በአኩሪ አተር መረቅ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በድንብላል ቅጠል፣ በሚጥሚጣና በሩዝ አልኮል ተዘፍዝፎ የዋለ። ወጣቶቹ "የቲዮቹ መርዝ" ይሉታል፤ አንዴ ከጀመርክ አትተወውም ለማለት። ወንድሜ አንዱን እግር መጥጦ ዓይኑን ጨፈነ። እንዴት እንዳየሁት ገብቶታል።

"ምን ታዪኛለሽ? ቁርጥ እንበላ የለ እንዴ?"

መልስ አልነበረኝም።

ችግሩ ሳህኔ ነው። አባትየው የሸርጣን እግር አኖሩልኝ። አመሰገንኩ። እናትየዋ ሽሪምፕ ልጠው ጨመሩ። አክስት የተባሉት ደግሞ ኦይስተሩን። ጉርሻ ነው እኮ፣ በእጅ አለመሆኑ ብቻ። ጉርሻ ደግሞ አይመለስም። ዝይውንም አልነካ፤ ማን እንዳረደው አላውቅም። ሳህኔ እየተቆለለ ሄደ፣ እኔ የተቀቀለውን ኦቾሎኒ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። ወንድሜ ቀደም ብሎ በሹክሹክታ "አለርጂ አለባት" ብሎ ዋሽቶልኝ ነበር።

አማ አይተውኛል። ከማዶ ሆነው ጮክ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፣ ጠረጴዛው ጸጥ አለ። "ልጅቷ ታማለች ወይ?" ነው ያሉት። በእናት ዕድሜ ያለች ሴት ፊት ለፊት ስትጠይቅህ አለርጂ ብሎ ነገር ከአፍ አይወጣም።

"ሃይማኖቴ ነው በላቸው" አልኩት ወንድሜን። "ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አንበላም በል። ትናንትም ጾም ላይ ነበርኩ በል።"

እሱ በማንዳሪን ለጓደኛው፣ እሷ በቲዮቹ ለአያቷ። ተራው እስኪደርስ ላብ አጠመቀኝ። አማ ሰምተው ጨረሱና ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። እሳቸውም ይጾማሉ! ጨረቃዋ በወጣች በመጀመሪያውና በአሥራ አምስተኛው ቀን ሥጋም ዓሣም አይነኩም፤ እዚህ አገር ብዙ አሮጊቶች እንደዚያ ናቸው። እኛስ ስንት ቀን? ረቡዕና ዓርብ አልን። "በወር?" በሳምንት። ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው ሲባል አማ ወደ ልጆቻቸው ዞሩና አንድ ነገር ተናገሩ። ጓደኛችን አልተረጎመችልንም፤ የልጆቹ አንገት ሲደፋ ግን ገባን። ተግሣጽ በየቋንቋው አንድ ነው።

ከዚያ ትእዛዝ ወጣ። የእኔ ሳህን ተነሳ፤ ያለበት ሁሉ ወደ ወንድሜ ተገለበጠ። አባትየው ራሳቸው ወደ ታች ወረዱ። ሲመለሱ በትንሽ የቀርከሃ ቅርጫት አንድ ሙሉ ዓሣ ይዘዋል። ግራጫ፣ ቀዝቃዛ፣ ቅርፊቱ አንድ ሳይጎድል እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደርድሮ። ሆን ብለው ቅርፊቱ እንዲታየኝ ወደ እኔ አዞሩት። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ።

"ሁ ቡንግ" ይሉታል፤ "የዓሣ ሩዝ"። ሩዝ ግን የለውም። ድሮ ዓሣ አጥማጆች መርከብ ላይ ሩዝ ሲያጥራቸው ዓሣውን በጨው ውኃ ቀቅለው እንደ ሩዝ ይበሉት ነበርና ነው። ተቀቅሎ፣ በቅርጫቱ ውስጥ እንዳለ ተንጠፍጥፎ፣ ቀዝቅዞ ይበላል። ቅርፊቱን የማይልጡት ሥጋውን እንዲጠብቅለት ነው።

አማ ተነስተው አጠገቤ መጡ። በቾፕስቲካቸው ጫፍ ከጭንቅላቱ ሥር ጫር አደረጉና ቆዳውን ከነቅርፊቱ ባንዴ ገለጡት፤ ከተኛ ሕፃን ላይ ጋቢ እንደመግለጥ ነው። ከሥሩ ነጭ ሥጋ። በሥጋውና በቆዳው መሐል ስስ የቀዘቀዘ ቅባት፣ እንደ ጄሊ። ቁራሹን በቢጫ የአኩሪ አተር ማጥቀሻ ነክተው አኖሩልኝ። ጨው፣ ከዚያ ጣፋጭ፣ ከዚያ ባሕር። ሽታ የለውም። ቀዝቃዛ ዓሣ ይበላል ብሎ የነገረኝ ቢኖር እስቅበት ነበር። ሦስቴ ወሰድኩ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ።

የላይኛው ጎን ሲያልቅ ዓሣውን ልገለብጠው ቾፕስቲኬን አስገባሁ። ስድስት እጅ ባንዴ ተዘረጋ። ዓሣ አይገለበጥም! ዓሣ የገለበጠ ጀልባ ገለበጠ ማለት ነው። ቤተሰቡ ውስጥ ዛሬ ጀልባ ያለው ሰው የለም፤ ሁሉም ቢሮና ሱቅ ናቸው። ቢሆንም ማንም አይገለብጥም። አማ አከርካሪውን ከጅራቱ ይዘው ብድግ አደረጉት፣ የታችኛው ጎን ሳይነካ ተገኘ።

መጨረሻ ላይ ጎደሬ መሰል ሥር ተፈጭቶ በስኳር የተሠራ ትኩስ ነገር መጣ። ክብደቱ የገንፎ፣ ልስላሴው የቅቤ። ሳህኔን ጠርጌ በላሁ።

ወንድሜ "እጄን ልታጠብ" ብሎ ወረደ። ሒሳብ ሊከፍል መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ አባታችንም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ተሸንፎ ተመለሰ። አባትየው ዓሣውን ሊያመጡ የወረዱ ጊዜ ከፍለው ጨርሰዋል። ወንድሜ ሲያጉረመርም አባትየው ትከሻውን ይዘው "ጋ ኪ ናንግ" አሉት። የራስ ሰው፣ ወገን ማለት ነው። ቲዮቹዎች ባንኮክም ሲንጋፖርም ሲገናኙ የሚባባሉት ቃል ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ላይ ሲውል ደግሞ እኛ አየን።

እሑድ

ወንድሜ ሌሊቱን ሽንት ቤት አደረ። ምግብ ቤቱን አልወቅስም። የራሱን ጥሬ ሸርጣን፣ የእኔንም ድርሻ፣ ከዚያ በላዩ ሦስት ጠርሙስ ቢራ ያስገባው እሱ ነው። እነሱ በልተው ሰላም አድረዋል። ጠዋት ሙዌ አጠጣሁት፤ ለካ ለዚህም ነው የሚጠቅመው።

ባቡር ውስጥ ነፍሱ ስትመለስ መሳቅ ጀመረ።

"ያ መጨረሻ ላይ የበላሽው ጣፋጭ አለ አይደል? ያ የጠረግሽው?"

"እሺ?"

"የሚሠራው በአሳማ ስብ ነው።"

መታሁት። ታማሚ መሆኑን ረስቼ መታሁት። "ለምን አልነገርከኝም?" ስለው "ደስ ብሎሽ ስትበዪ እንዴት ብዬ?" ይላል። ለንስሐ አባቴ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳቸው ከአሁኑ እያሰብኩ ነው። "አባ፣ ጎደሬ መስሎኝ ነው" ብል ያምኑኝ ይሆን?

ጓንዡ ልንደርስ ስንል የወንድሜ ስልክ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው፤ አማ ናቸው። አጭር ነው፣ የሚጣደፍ ነው፣ ከበስተኋላ ማፍያው ሲፈላ ይሰማል። ወንድሜ ደጋግሞ ከፈተው፤ አንድም ቃል አልያዘም። እኔ ግን "ጂያ" የምትለዋን ለይቻለሁ። ትናንት ማታ ሰባት ስምንት ጊዜ ሳይሉኝ አልቀሩም። ብይ ማለት ነው።

"በላችሁ ወይ ነው የሚሉት" አልኩት።

ለጓደኛው ጽፎ ጠየቃት። ልክ ነኝ። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋልኝና "በይ መልሺላቸው" አለኝ። በየትኛው ቋንቋ እንደምመልስ አልጨነቀኝም። "ጠግበናል አማ፣ እግዜር ይስጥልን" ብዬ ላክሁት።